የታደሰ ልክ

ሰኞ

ዛሬም ሁለት ጎረምሶች መጥተው «እትዬ፣ የታደሰ ልክ አለ?» አሏት እማዬን። አለ ብላ ሸጠችላቸው። ታደሰ ወንድሜ እንደሆነ፣ ከታሰረም አምስት ወሩ እንደሆነ የት ያውቃሉ።

ነገሩ የአባዬ ሥራ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ኮልፌ ገበያ ላይ ሳይለካ የተሰፋ ሸሚዝ ሲሰቅል ሰው ስቆበት ነበር፤ «ሳይጠይቁት የሚሰፋለት ሬሳ ብቻ ነው» እያለ። ኋላ ሁሉም ለመደ። አባዬ ሦስት ካርቶን ቆርጦ ምስማር ላይ ሰቀለ። ትልቁ የራሱ ልክ፣ መካከለኛው የታደሰ፣ ትንሹ የኔ። ዛሬ ግማሹ ኮልፌ ወንድሜን ለብሶ ይሄዳል።

ረቡዕ

የልብስ ቀን። እስር ቤቱ በር ላይ ግማሽ ቀን ተሰልፌ አገልግሉንና ንጹሁን ሸሚዝ ተቀበሉኝ፤ ያደፈውን ሰጡኝ። ደብዳቤ አይፈቀድም፤ ደብዳቤያችን ያደፈው ልብስ ነው። ዘበኛው «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ» አላለኝም፤ እንዲህ ከተባለ እስረኛው የለም ማለት ነው። እንዲህ የተባለች አንዲት እናት ግን ከፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አላነሳት። እኔም።

ሐሙስ

እማዬ ሸሚዙን ከማጠቧ በፊት የታደሰ ካርቶን ላይ ታነጥፈዋለች፤ አመሏ ነው። ዛሬ ካርቶኑ በግራም በቀኝም ተርፎ ወጣ። «ይኼ የልጄ አይደለም» አለች። ተቀያይሮ ይሆናል፣ እዚያ ስንቱ የኛን ሸሚዝ ለብሷል አልኳት።

ዓርብ

እትዬ ብርቄ ጎረቤታችን መጡ። የቀበሌውና የከፍተኛው ወሬ ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የሚያድረው። በር ላይ ይዘውኝ «አንቺ ልጅ፣ እስር ቤት የሞተውን ልብስ በሕይወት ላለው ይሰጡታል አሉ። ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አሉኝ። እማዬ ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች።

ከሰዓት መካከለኛውን ካርቶን ከምስማሩ አወረደች። የመጣው ገዢ ሁሉ «አልቋል» ተባለ። የምንበላው ከሱ ነው።

ቅዳሜ

ሸሚዙን የሚነካው ጠፋ። የማንም ይሁን፣ የሰው ልጅ ነው የለበሰው ብዬ ላጥበው ገለበጥኩት። ጎንና ጎኑ በእጅ ተሰፍቷል! ክሩ ከብርድ ልብስ የተመዘዘ ግራጫ ነገር ነው፤ መርፌውን ከየት እንዳገኘ እንጃ። ጫፉ ላይ ቋጠሮ የለም፤ ክሩ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የቆመው። እንዲህ የሚጨርሰው አባዬ ነበር። ያስተማረው ደግሞ ታደሰን ብቻ ነው፤ እኔ እስከ ዛሬ እቋጥራለሁ።

ሳፋውን ትቼ ሮጥኩ። እማዬ ስፌቱን በአውራ ጣቷ ደጋግማ ዳሰሰችው። «ራሱ ነው ያጠበበው» አለች። ደስ አላት ስል፣ ጣቶቿን አስተኝታ መለካት ጀመረች። በየጎኑ ሦስት ጣት። ያለቀሰችው ያኔ ነው።

እሑድ

መካከለኛው ካርቶን ቦታው ተመለሰ። እሑድ መቀስ የማትነካዋ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ሌላ ካርቶን ቆረጠች። ቁመቱ የታደሰ፣ ስፋቱ ከኔም ያነሰ።

«ምን ብዬ ልጻፍበት?»

«ምንም አትጻፊበት። የሚቆይ ልክ አይደለም።»

የረቡዑን ሸሚዝ ጀምራለች። ጎኑ ላይ ብዙ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፋ ተወች። «ሲወፍር ይፈታዋል» አለች።

«ቢከሳስ?» አላልኳትም።