ምስክርነትሽን ሳልሰማ ወጣሁ

ፀሎት፣

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቂው። ውሃ ስለጠፋ በጀሪካን ቀድቼልሻለሁ።

ዛሬ ቸርች ምስክርነት ስትሰጪ አልገኝም። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ እህቴ ቤት ነው የማድረው።

ቀንቼብሽ ነው።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ኳየር ውስጥ ነኝ። አንቺ እሁድ እሁድ ተኝተሽ ትውዪ ነበር። ኡጋንዳ ሄደሽ ወላጅ ያጡ ሕፃናት ስታጥቢ፣ ስታበዪ ከረምሽና "ጌታን አገኘሁት" ብለሽ መጣሽ። ትናንት ስትፀልዪ በር ላይ ቆሜ ሰማሁሽ። አጠገብሽ ከተቀመጠ ሰው ጋር የምታወሪ ነበር የሚመስለው። እኔ እንደዚያ አውርቼው አላውቅም።

"የታመመችው ልጅ ትኩሳቷ ሲበርድላት እጄን ይዛ ሳቀች፤ ያኔ አመንኩ" ስትዪኝ ወሬ የቀየርኩብሽም ለዚያ ነው።

ሰኞ ስመለስ ስለ ልጅቷ እንደገና ንገሪኝ። አላቋርጥሽም።

ሌሊሴ