ከሦስት ተኩል በኋላ በነጻ

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ዝናብ። መናኸሪያ ቀድሜ ደረስኩ፣ አምስት ደቂቃ ይቀራል። የጡረተኛ የነጻ አውቶቡስ ካርድ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል በፊት አይሠራም፤ የሠራተኛና የተማሪ ሰዓት ነው ተብሎ። ሹፌሩ ኢምራን በሩን ዘግቶ መሪው ላይ ተደግፏል። መስታወቱን አንኳኳሁ።

«እማማ ፖሊን፣ ካርድዎ ገና ከእንቅልፉ አልተነሳም» ይለኛል በመስኮት። አንጀቱ መቼ ይራራል! ከኋላዬ ሰባት ሽማግሌና አሮጊት፣ ሁላችንም ጃንጥላ ይዘን ተሰልፈናል። ልክ ሦስት ተኩል ሲል ከፈተልን። ተጋፍተን ገባን፣ ሃያ ሰባት ዓመት ምሳ ስጨልፍላቸው እንደነበሩት የትምህርት ቤት ልጆች።

ስኪፕተን ከተማ ደርሼ ተመለስኩ። እዚያ ምን ጉዳይ አለኝ? ምንም። ግን ነጻ ነው። ነጻ ነገር ቤት ሲቀመጥ ያንገበግበኛል። ለባሌ ለክሊፍ የሚወደውን ፓይ፣ በሊጥ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ፣ ይዤለት መጣሁ። ግማሹን በላ። የት ነበርሽ እንኳ አላለኝም።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

ዶሪን የምትባል ሴት ተዋወቅሁ። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ በሳምንት አምስት ቀን አውቶቡስ ላይ ነች። ቀጥ ብላ መጥታ አጠገቤ ቁጭ።

«አዲስ ነሽ አይደል? ካርድሽ ገና ያብረቀርቃል» አለችኝ። ከዚያ አስተማሪዬ ሆና አረፈችው። መጀመሪያ ሩቁን መንገድ ያዢ፣ ቅርቡን ለክረምት ተዪው። የአውቶቡሱ ላይኛው ፎቅ፣ የፊት ወንበር። ሻይሽን በፔርሙዝ ያዢ፣ ግን ሽንት ቤት የት የት እንዳለ ሳታውቂ እንዳትጠጪ! ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ባልሽስ? አለ?» አለችኝ።

«አለ» አልኳት። ምን ብዬ ላስረዳት?

ካርዱ ከመጣለት አምስት ዓመቱ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል፣ የከብት መኖ፣ በዚህ አገር ያላንኳኳው የገበሬ በር የለም። በሚያዝያ ሐኪሙ የዓይንህ መሃል ተጎድቷል፣ ጠርዝ ጠርዙን ነው የምታየው አለው። መንጃ ፈቃዱን ራሱ ፖስታ ውስጥ ከትቶ መለሰ። መኪናችንን ጎረቤት ገዛው። በማግስቱ አውቶቡስ እንሳፈር ስለው፣ «ከሽማግሌዎች ጋር ሰልፍ አልቆምም» አለኝ። ሰውዬው ሰባ አንድ ዓመቱ ነው እኮ!

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

አልወጣሁም ዛሬ። ክሊፍ ፒጃማውን ሳይቀይር ዋለ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ሾርባ አቀረብኩለት። ማንኪያውን ሲፈልግ እጁ ጠረጴዛው ላይ ዳበሰ… አቀበልኩት። ተቆጣ። «አየሁት!» አለ። አላየውም። ዓይኔ አያይም የሚለው ቃል ከአፉ አይወጣም። ለኔም፣ ለሐኪሙም፣ ለማንም። ሱቅ ወስጄው እንኳ ዋጋውን ያነበበ ይመስላል፣ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ። ከዚያ ወዲህ ሱቅም ቀረ።

ማታ፣ ቴሌቪዥኑ በርቶ፣ ዞር ሳይል፣ «እኔ እኮ አልቄያለሁ ፖሊን» አለኝ።

ምን መለስኩ? «አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ሻይህን ጠጣ።» እንዴት ያለ መልስ ነው? ፈራሁ እኮ። ከዚያ ወንበር ላይ ካልተነሳ እዚያው ሊያልቅብኝ ነው። ጫማውን ካጠለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ሸክሙ ከበደኝ፣ ለማን ልናገር?

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ወይ ጉድ! ዛሬ የሆነውን ልጻፍ።

ሰሜን ወዳሉት መንደሮች ከዶሪን ጋር ሄጄ ነበር። ስመለስ ካልሲዬን እያወለቅሁ እንዲሁ አወራለሁ፣ ይስማኝ አይስማኝ ግድ የለኝም። «ድልድዩን ተሻግረን ወደ ግራ ታጠፍንና…»

«ቀኝ!» ከወንበሩ ጮኸ። «ወደ ግራ ብትታጠፉ ወንዝ ውስጥ ናችሁ!»

ደነገጥኩ። ለስንት ሳምንት ድምፁ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም። ቀጠለ ደግሞ። ከድልድዩ ቀጥሎ የተሰነጠቀ ግንብ፣ ግንቡን ማን በመኪና እንደገጨው፣ ገበሬው ምን ብሎ እንደሰደበው… ሩብ ሰዓት አወራ!

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ዛሬም ተሳሳትኩ። ሆን ብዬ። ይቅር በለኝ ጌታዬ። «ኮረብታው ላይ ያለው ነጭ ቤት» አልኩት፣ ጥቁር ድንጋይ መሆኑን እያወቅሁ። «ነጭ? ዓይንሽን ታመሻል እንዴ?» አለኝ። ከዚያ የተናገረውን ራሱም ሰማው። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን። ትንሽ ሳቅ ነበረች፣ ግን ሳቅ ነች።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ኮቴን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ከብርድ ነው ልበል?

ዶሪን ጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራት፣ ብቻዬን ሄድኩ። ታርንቢ የምትባል መንደር፣ እስከ ዛሬ ያልረገጥኳት፣ የመስመሩ መጨረሻ። መመለሻው አውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ፣ የፌርማታው ሠሌዳ ላይ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ሆነ። ከአርባ ሆነ። ማንም የለም፣ መንገዱ ጭር። ሠሌዳውን እንደገና ቀርቤ አየሁት፤ ከሰዓቱ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፊደል አለች። ከሥር ትርጉሟ፦ ትምህርት ባለበት ቀን ብቻ።

ትምህርት ቤት ደግሞ ይህን ሳምንት ዝግ ነው። እኔ! ሃያ ሰባት ዓመት ትምህርት ቤት የሠራሁ ሴትዮ!

መጠጥ ቤቱ ዝግ። የሁለት ቤት በር አንኳኳሁ፣ ሰው የለም። ታክሲ ደወልኩ፣ ሁለት ሰዓት ትጠብቂያለሽ አሉኝ። እሑድ እንደየዓመቱ የአገሩ ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለተመለሰ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይጨልማል። ቤት ደወልኩ። ክሊፍ ስልክ ማንሳት ከተወ ቆይቷል። ጠራ፣ ጠራ…

«አቤት?»

ድምፁን ስሰማ እንደ ሕፃን ሆድ ባሰኝ። ነገርኩት። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።

«ከፊትሽ ምን አለ?»

«ቤተክርስቲያን። በጎች።»

«ቤተክርስቲያኑን ጀርባሽ አድርጊው። ሁለት ግንብ መሃል ጠባብ መንገድ አለ፣ ያዢው። ወደ ዋናው መንገድ ያወጣሻል። እዚያ ከሴትል ከተማ ወደኛ የሚመጣው አውቶቡስ በየሰዓቱ ያልፋል፣ ስንቴ ከኋላው ተንፏቅቄያለሁ። ስልኩን እንዳትዘጊው።»

አልዘጋሁትም። ግማሽ ሰዓት ሙሉ በጆሮዬ አብሮኝ ሄደ። «አሁን ላሞች ይሸቱሻል?» ሸተቱኝ። «ጎንበስ ያለች ዛፍ?» አለች። «በስተግራ ጭቃ አለ፣ ቀኝ ቀኙን።» አንድ ቦታ ላይ በር ገጠመኝ።

«በር? እዚያ በር የለም።»

«አለ እኮ ክሊፍ፣ እጄ ላይ ነው!»

«እንግዲያው ክፈቺው!»

ዋናው መንገድ ላይ ስወጣ አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ከሩቅ ይመጣል። እጄን አወዛወዝኩ፣ ቆመልኝ። «ተቀምጫለሁ» ስለው፣ ክሊፍ ያኔ ነው ስልኩን የዘጋው።

ቤት ስደርስ ከደጅ ቆሟል፣ በነጠላ ጫማ፣ በዝናብ። አቀፈኝ። እኛ ደጅ ላይ የምንተቃቀፍ ሰዎች አይደለንም። ጎረቤት አየን፣ ይየን።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 29

ኩሽና ሆኜ መሳቢያው ሲከፈት ሰማሁ። አልዞርኩም።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ወጣ! ጫማውን ራሱ ወልውሎ፣ ካርዱን ደረት ኪሱ ከቶ። «ሰው ጠፍቶብኝ እንዳይቀር ነው የምሄደው» አለኝ። እሺ አልኩት። ለምን ይከራከሩታል?

የሠፈራችን ፌርማታ ላይ ዶሪን ትጠብቀናለች። ክሊፍ ፊት ለፊት ቆሞ እጁን ዘረጋ፣ ትልቅ ነገር ሲመጣ። «መጣ» አለ፣ ከኛ ቀድሞ። እንዴት ልንገረው? የቆሻሻ መኪና ነው። መኪናው ደግሞ ቆመ! ሹፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ የት ላድርስዎት?» ይላል።

የክሊፍ ፊት ቀላ። አለቀ፣ ወደ ቤት ሊመለስ ነው አልኩ በልቤ። ዶሪን ግን፣ «ለኔስ ቦታ አለህ? ከኢምራን አውቶቡስ ይልቅ ያንተው ይሞቃል!» አለችው። ሰውየው ሳቀ። ክሊፍ… ትንሽ ቆይቶ ሳቀ። ዓይኑን እስኪጠርግ።

ላይኛው ፎቅ፣ የፊት ወንበር። እኔ ገና ሳላየው «አሁን ዳገት፣ አሁን የወፍጮው ቤት» ይላል። አንዱንም አልሳተም። ግን ኢምራን «ደረጃውን ይጠንቀቁ አባባ» ሲለው፣ «ይታየኛል» ብሎ ተቆጣው። ይህን ኩራቱንስ መቼ ነው የሚለቀው?

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ስድስተኛ ጉዟችን። ፓይ ሁለት በላ። ፌርማታ ላይ የአውቶቡሱን ቁጥር እኔ በጆሮው እነግረዋለሁ፣ ሰው እንዳይሰማ። ሰው ከሰማ ይቆነጥጠኛል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 27

ጉንፋን ጣለኝ። ጠዋት መነሳት አቃተኝ። «ዶሪን ዛሬ ስኪፕተን ነው የምትጠብቀን። ደውልና ቀርተናል በላት» አልኩት። ቀና ስል ኮቱን እየለበሰ ነው።

«አንቺ ቀርተሻል» አለኝ። «እኔ እሄዳለሁ።»

አትሂድ ልለው ነበር። ምላሴን ነከስኩ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ፣ ከዚያ እግሩ ጠጠሩ ላይ፣ ከዚያ ምንም። ቁጥሩን ማን ይነግረዋል? መንገድ ሲሻገርስ? ብርድ ልብሱን ተከናንቤ መስኮት ላይ ተቀመጥኩ። ሻይ አፍልቼ ቀዘቀዘ። ሌላ አፈላሁ፣ እሱም ቀዘቀዘ። እንዲህ ጭንቅ ሆኖብኝ አያውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ መጣ። አፍንጫው በብርድ ቀልቷል። ኮቱን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«አውቶቡስ አልተሳሳትክም?»

«አልተሳሳትኩም። ጠየቅሁ።»

«ማንን?»

«ፌርማታው ላይ አንዲት ሴት ነበረች። እባክሽ ቁጥሩን ንገሪኝ፣ ዓይኔ አያይም አልኳት።»

«እንደዚያ አልካት? ዓይኔ አያይም ብለህ?»

«ታዲያ ምን ልበላት? አያይማ።»

ከዚያ ስለ ዶሪን ጥርስ፣ ስለ ገበያው፣ አዲስ ስለሚቆፈረው መንገድ… አወራ፣ አወራ። እኔ ፊቱን ነበር የማየው። ቅዳሜ ዶሪን እስከ ሴትል እንሂድ ብላዋለች፣ ብድን ባልድንም እሱ መሄዱ አይቀርም። ያለኔ ይሂድበት፤ ለመዳን አልቸኩልም።