ትልቁ ወፍጮ የታሸገበት ሳምንት

ሰኞ፣ መጋቢት 8። ጠዋት 2፡30

ትንሹ ወፍጮ ብቻ ይዞራል። ትልቁ ታሽጓል፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎበታል። በርበሬ በረንዳ ያለ ሰው ሁሉ አንብቦታል መሰለኝ። ደንበኛ ይመጣል፣ ወረቀቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ጆንያውን አሸክሞ ጎረቤት ይገባል።

ዛሬ አምስት ቀን ሆነ። ባለፈው ረቡዕ የእትዬ ዘይነባ ቀኝ እጅ ትልቁን ወፍጮ በሚያዞረው ቺንጋ ውስጥ ገባ። ሁለት ጣት። ሐኪሞቹ ጣቶቹን ሊያተርፉ አልቻሉም። እትዬ ዘይነባ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ እዚህ ናቸው። ልጅ ሆኜ ከትምህርት ቤት ስመጣ የበርበሬው ብናኝ እንዳያስነጥሰኝ ፊቴን በሻሻቸው ይሸፍኑልኝ ነበር። አሁን ወፍጮው የኔ ነው። ጥፋቱም የኔ... አይ። እሱን ጠበቃ ይንገረኝ።

የሠራተኛ ጉዳይ መ/ቤት ተቆጣጣሪ የለጠፈው ወረቀት፦ ቺንጋው መሸፈኛ የለውም። ሠራተኞች የደህንነት ሥልጠና አልወሰዱም። አደጋው በወቅቱ ለመ/ቤቱ አልተነገረም። በመጪው ሰኞ ቀርቤ መልስ ልስጥ።

መሸፈኛው ለጽዳት ተፈቶ ነበር። ሳይመለስ ቀረ። በቃ፣ እንዲህ ነው የሆነው።

ማክሰኞ 9። ከሰዓት

ጠበቃ አገኘሁ። አቶ ግርማ። ቢሯቸው ጎጃም በረንዳ፣ ከአንድ መጋዘን በላይ ሦስተኛ ፎቅ። የሚቆሙት ለአሠሪዎች ነው። ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉና መሸፈኛውን ማን እንደፈታው ጠየቁኝ። ሠራተኞቹ፣ አልኩ። ማን አዘዛቸው? አላውቅም።

አስረዱኝ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪ ጥፋት ባይኖርበትም ካሳ ይከፍላል። ሠራተኛው አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ነገሩ ይለያል። መመሪያ የሰጠሁበት ወረቀት ይኖር እንደሆነ ጠየቁ። የለም።

ረቡዕ 10

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት (መጋዘኑን የሚይዘው እሱ ነው) መላ አገኘሁ ይላል። ያልሰጠነው ሥልጠና መዝገብ። ያለፈ ዓመት ቀን፣ የሁሉም ሠራተኛ ፊርማ። ሁሉም ፈርመዋል። ወደው ነው እንዴ? የቀሩት እትዬ ዘይነባ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው የሚፈርሙት በጣት አሻራ ነው። የቀለሙን ስፖንጅ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። አንቺን እምቢ አይሉሽም፣ አለኝ።

ጮህኩበት። መዝገቡን ግን አልቀደድኩትም። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ሐሙስ 11። ሆስፒታል ደርሼ መጣሁ

እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ነው። ብርቱካን ወስጄ ነበር። በአንድ እጅ ሊልጡት ሲታገሉ አየሁና ተቀብዬ ላጥኩላቸው። ስለ መዝገቡ አፌን ሳልከፍት ቀደሙኝ፤ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ።

«አታስቢ ልጄ። ተቆጣጣሪው መጥቶ ጠይቆኛል። መሸፈኛውን እኔው ነኝ የፈታሁት ብዬዋለሁ።»

«እትዬ! ለምን?»

«ወፍጮው ቢዘጋ ያ ሁሉ ሰው ምን ሊበላ ነው? እኔ እንደሆነ የሆነው ሆኗል።»

አሻራውን አልጠየቅኩም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ላንተ ለደብተሬ ካልጻፍኩ ለማን ልጽፍ፦ ደስ አለኝ። ለትንሽ ጊዜ፣ ደስ አለኝ።

ዓርብ 12

አቶ ግርማ የእትዬ ዘይነባን ቃል ሲሰሙ እስክሪብቶ አነሱ። እንዲህ ካሉማ ጉዳዩ ሌላ ነው አሉ። ሴትዮዋ ካሳቸውን ሊያጡ እንደሚችሉም አልደበቁኝም። ሁለት አንቀጽ ጻፉ፣ ቆሙ፣ ቀና ብለው አዩኝ።

«እውነት ነው?»

አይደለም። መሸፈኛው እንዲቀር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በጸዳ ቁጥር መፍታትና ማሰሩ ግማሽ ሰዓት ይበላል፤ የፋሲካ ትእዛዝ ተደራርቦብኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው። መዝገቡንም አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩ። የሚያባርሩኝ መስሎኝ ነበር። የጻፉትን ቀደዱ፤ አዲስ ወረቀት ሳቡ።

«ይሄን መዝገብ ይዘው ቢገቡ ኖሮ ከቅጣት አልፎ ወንጀል ይሆንብዎት ነበር። አሁን የምሠራበት ነገር ሰጡኝ።»

ማመን፣ ማስተካከል፣ ለማስተካከያው ጊዜ መጠየቅ። መንገዱ ይሄ ነው አሉ። ከዚያው ምን አለሽ ተራ ወርጄ የብረት መሸፈኛ አዘዝኩ። ዳዊት አኩርፏል።

ሰኞ 15። ጠዋት 3፡00

መ/ቤቱ ኮሪደር። ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፈው። እትዬ ዘይነባም ለቃል ተጠርተው መጥተዋል። የምናገረውን ነገርኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?» ተነስተው ራቅ ብለው ተቀመጡ።

ተጠራን።

ያው ዕለት። 9፡00

አመንኩ። መሸፈኛው እንዲቀር ያዘዝኩት እኔ ነኝ አልኩ። ኃላፊው ጻፈ። ያለቀ መስሎኝ ትንፋሼ ተመለሰ። ከዚያ ወደ እትዬ ዘይነባ ዞሮ፣ አደጋ እንዳለው ለአሠሪዎ ነግረው ያውቃሉ ወይ አላቸው። ወለሉን አዩ።

«ሁለት ጊዜ» አሉ። «መሸፈኛውን መልሽልን ብያታለሁ። ከፋሲካ በኋላ አለችኝ።»

አቶ ግርማ ዞረው አዩኝ። ይሄን አልነገርኳቸውም። ኃላፊው እውነት ነው ወይ አለኝ። እውነት ነው። ቃላቸው ሥር ፈረምኩ።

ቅጣቱ አለ። ካሳው ለእትዬ ዘይነባ ይከፈላል። አቶ ግርማ ተከራክረው የማስተካከያ ጊዜ አገኙልኝ፤ መሸፈኛው ተገጥሞ፣ ሠራተኞቹ የምር ሠልጥነው እስኪታይ ትልቁ ወፍጮ አይከፈትም።

ስንወጣ እትዬ ዘይነባ ደረጃው አፍ ላይ ቆሙ። ግራ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው እስከ ታች ወረዱ። ይቅርታ ይሁን መደገፊያ ፈልገው፣ አላውቅም።

ሁለት ጊዜ ነግረውኛል። ላንተም እኮ አልነገርኩህም ነበር።