ለበረኛችን የተላኩ ሽማግሌዎች

ሰኞ

ትርንጎ የለችም! የጨርቅ ሱቄን ለሠራተኛዬ ጥዬ ሜዳ ድረስ የሄድኩት የእሷን ዝላይ ለማየት ብዬ ነበር። በሩ ላይ የቆመችው ተጠባባቂዋ ናት፤ ኳስ ሲመጣባት ዓይኗን ትጨፍናለች። አሠልጣኙን «በረኛችን የት ናት?» ብዬ ብጠይቀው «ቤተሰብ ጠርቷት ነው» ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

አምበሏን ወጥሬ ያዝኳት። «እናትሽ ታማለች» ብለው አገሯ ድብ ባሕር አስጠርተዋት ኖሯል። እናትየው ደህና ናት። ትርንጎን ሊድሯት ነው! ስልኳን ቀምተዋታል። ሙሽራው መተማ እህል የሚነግድ ሰው ነው፤ «ቁምጣ ለብሳ ሰው ፊት የምትንከባለል ሚስት አልፈልግም» ብሏል አሉ። ማን ፈልግ አለህ?

እሁድ ጨዋታ አለን፤ ከአዲስ አበባ ከሚመጣ ቡድን ጋር። ደሜ ፈልቷል።

ማክሰኞ

ባሌ ኑሩ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ለዘመድ እንኳ እንዲህ አትንገበገቢ» ይለኛል። ለዘመዴማ አልንገበገብም፤ ዘመዶቼ ኳስ አይዙም።

ተማሪ ሳለሁ እዚሁ አዲስ ዓለም ሰፈር ከወንዶች ጋር ኳስ ስመታ ታላቅ ወንድሜ አይቶኝ በቀበቶ ገርፎኛል። ያኔ የሴት ኳስ መሳቂያ ነበር፤ በትምህርት ቤት በዓል፣ ከጆንያ ሩጫ ቀጥሎ። አሁን ሊግ አለን። ፊርማ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ፊሽካ የምትነፋዋም ሴት ናት። ትርንጎ በኳስ ደመወዟ የአባቷን ቤት ቆርቆሮ አልብሳለች። ሰውዬው በዚያ ቆርቆሮ ሥር ተቀምጦ ነው «ኳስ ይብቃት» የሚለው!

ደግሞ ሌላ ንዴት። የእሁዱ ጨዋታ ወደ ጠዋት ዞረ። ምነው ስል፣ «ከሰዓት ሜዳው ለሰኞው የወንዶች ጨዋታ ይረፍ ተብሎ ነው» አሉኝ። ሴት ሲረግጠው ነው የሚደክመው?

ረቡዕ

ሌሊቱን ስገላበጥ አንድ ነገር መጣልኝ። ለትዳር ሽማግሌ ይላካል። ለኳስ ምነው አይላክ?

ጡረታ የወጣውን የስፖርት አስተማሪ፣ ጋሽ ማሩን ሄጄ ነገርኩት። ሳቀ፤ ሳቀ፤ ከዚያ «ወላዲቷን፣ እንሄዳለን!» አለ። ጎረቤቱን ቄስ ሞገስን ያመጣል። ሦስተኛው ኑሩ ነው፤ ማኪናውም የእሱ ነው።

ኑሩ፣ «ምን ልል ነው? ልጅዎን ለቡድናችን?» አለኝ።

«አዎ፣ እንደዚያ በል!»

እኔም አብሬ ደጅ እቆማለሁ ስል ጋሽ ማሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ሰዓዳ፣ ሴት በሽማግሌነት ስትቆም አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። እናንተስ ሴት በረኛ አይታችሁ ታውቁ ነበር? ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ ማኪና ውስጥ እንድጠብቅ ተፈቀደልኝ። ተፈቀደልኝ! በራሴ ሐሳብ!

ሐሙስ

ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ከሱብሂ ሰላት በኋላ ወጣን። ድብ ባሕር ደረስን። ሦስቱ ጋቢያቸውን ደርበው ደጅ ቆሙ፤ እኔ የማኪናውን መስታወት ዝቅ አድርጌ አያለሁ፣ እሰማለሁ። የትርንጎ አባት አያ ደምሌ ወጥቶ «ቁጭ በሉ» ቢላቸው፣ እንደ ወጉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። ሰውዬው ቄሱን አየ፣ የኑሩን ቆብ አየ፣ ግራ ገባው።

«ልጄ ታጭታለች፤ ቀድመዋችኋል» አለ። «ደግሞስ ቄስና እስላም አብረው የቆሙለት ሙሽራ ሃይማኖቱ ምንድን ነው?»

እዚህ ላይ እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ኑሩ «ሙሽራ የለንም፤ ለኳስ ነው የመጣነው» ሲል አያ ደምሌ አፉን እንደያዘ አስገባቸው። ለሁለቱ ጠላ፣ ለኑሩ ብርዝ ቀረበ አሉ። ለእኔ ፀሐይ ቀረበልኝ።

እየሳቁ ወጡ። ኑሩ፣ «ተሳካ! እሁድን ትጫወታለች። ከዚያ ኳስ ትተውና ሠርጉ ይሆናል። መሃል ላይ ተገናኘን» አለኝ።

መሃል! ለላም ይሁን ለድንበር፣ ሽማግሌ ከተቀመጠ መሃሉን ቆርጦ ተጨባብጦ ይነሣል። ሰው ከመሃሉ ይቆረጣል? አስለቅቁልኝ ብዬ ብልካቸው ድረው መጡ! ቄሱማ ጭራሽ መርቀዋል። እስካሁን የአባቷ ቃል ብቻ ነበር፤ አሁን በሽማግሌ የታሰረ ሆነ። እሁድ አባቷ መጥቶ ከሜዳ ይወስዳታል።

ትርንጎ ቦርሳዋን ይዛ ከኋላ ገባች። መንገዱን ሙሉ የቦርሳዋን ዚፕ ስትከፍትና ስትዘጋ መጣች። ወለቃ፣ የሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ስንደርስ ኑሩ ማኪናውን አቁሞ የሸክላ ድስት ገዛልኝ። በድስት ሊያባብለኝ!

ዓርብ

ኑሩን አላናግረውም። ድስቱን ደጅ አውጥቼዋለሁ።

ጋሽ ማሩ ሱቅ መጥቶ «እኔስ ትናንትም ቅር ብሎኝ ነበር» አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ትርንጎ ልምምድ ገብታለች። ከበሮ ተውሻለሁ። የጨርቅ ተራ ሴቶች እንመጣለን ብለዋል፤ እናያለን።

ቅዳሜ

ገበያው ጢም ብሎ ነበር። «ነገ ስታዲየም የማይመጣ ከእኔ ነጠላ አይገዛም» እያልኩ ስለፈልፍ ትርንጎ መጣች። በርጩማ ሰጠኋት፤ አልቀመጥ አለች።

«እታለም ሰዓዳ፣ አባቴ ሳይጠይቀኝ ሰጠኝ። ሽማግሌዎቹ ሳይጠይቁኝ ተስማሙብኝ። አንቺስ ጠየቅሽኝ?»

ወላሂ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት በእሷ ነው። ይሄን ሁሉ ለማን ብዬ ነው! ውለታ ቢስ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ልጅቷ የተናገረችው እውነት ነው፤ እውነት ደግሞ እንዴት ያናድዳል።

«እሺ፤ ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«ነገ ልጫወት። ከዚያ እኔው እናገራለሁ» ብላ ሄደች። ማታ ድስቱን አስገብቼ ምስር ሠራሁበት። ኑሩን አሁንም አላናግረውም።

እሁድ

ጥላ ያለውን መቀመጫ ቆልፈውታል። ዘበኛው «ይሄ የሚከፈተው ለወንዶች ጨዋታ ነው» አለኝ። የተባባልነውን እዚህ አልጽፈውም። ፀሐይ ላይ ተቀመጥን፤ የጨርቅ ተራ ሴቶች ግን መጡ፣ ከነእልልታቸው! አያ ደምሌ ዱላውን ይዞ ከኑሩ ጎን ተቀመጠ፤ ጋሽ ማሩና ከቅዳሴ የተመለሱት ቄስም አጠገባቸው ናቸው።

አንድ ለአንድ ወጣን። ትርንጎ የገባባት ጎል የራሷ ጥፋት ነው፤ ዘግይታ ወጣች። ከዚያ በኋላ ግን በአየር ላይ ተንሳፍፋ አንዱን በጣቷ ጫፍ አወጣችው። አያ ደምሌ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሰው ያላየው መስሎት ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔ አይቼዋለሁ።

ሲያልቅ ወደ ሜዳው ወረድን። «በይ ልብስሽን ቀይሪ፣ ማኪና ያመልጠናል» አላት አባቷ።

ጓንቷን አላወለቀችም። «አባዬ፣ አልሄድም። ኳሴን እጫወታለሁ። ማግባት ያሰኘኝ ቀን እኔው እነግርሃለሁ።» ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፤ ግን ጨርሳ ተናገረችው።

አያ ደምሌ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። «ቃላችሁስ?»

ጋሽ ማሩ መሬት መሬት አየ። ቄሱ አሳላቸው። ኑሩ፣ የእኔው ኑሩ፣ ቆቡን አስተካክሎ «አያ ደምሌ፣ አጥፍተናል። እሷን አልጠየቅናትም» አለ።

ሰውዬው «በሽማግሌ እመለሳለሁ» ብሎ ብቻውን ወደ መናኸሪያው ሄደ። ትርንጎ ጀርባውን እያየች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ከንዴት ነው።

አሁን እኛ ቤት ተኝታለች። ጓንቷ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ኑሩን «እራት ብላ» ብዬዋለሁ፤ ለዛሬ ይበቃዋል።

የአያ ደምሌ ሽማግሌዎች ይምጡ። ደጄ ላይ ይቁሙ። እሷን ሳይጠይቁ ግን ቁጭ በሉ አልላቸውም።