መከታን ዘይት ላጠጣው ስል

እሑድ፣ ጥር 17 ቀን 2018

ውሻዬ መከታ ዛሬ ተርፏል። ተመስገን።

ጎረቤት ክርስትና ነበርና ትርፍራፊውን ሲሰለቅጥ ዋለ። ከሰዓት በኋላ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ሊያስመልስ ይታገላል፤ ከለሃጭ በቀር የሚወጣው የለም። ለተነፋ ፍየል እንደማደርገው ኑግ ዘይት በጠርሙስ ይዤ አፉን ልከፍት ስል፣ ልጄ ለምለም በሰው ቤት ከምትሠራበት ከቤሩት በቪዲዮ ደወለች። አሳየኋት።

«አባዬ፣ ምንም እንዳያጠጡት። የማዳም ውሻ ልክ እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው። ይሻለዋል ብለው አይጠብቁ፣ አሁኑኑ ሐኪም ጋ ይውሰዱት» አለችኝ።

በባጃጅ ሰቆጣ ይዤው ገባሁ። ውሻ ሊያሳክም መጣ ብለው የሳቁብኝም አሉ። የእንስሳት ሐኪሙ ግን በእረፍት ቀኑ ከቤቱ ወጥቶ፣ በአፉ ቱቦ አስገብቶ አየሩን አስወጣለት።

«ጨጓራው ዞሮ ቢሆን ኖሮ እዚህ አይድንም ነበር። ዘይቱንም አጠጥተውት ቢሆን ሳንባው ይገባ ነበር» አለኝ። ነገ ደግሞ ላየው ብሏል። እግዜር ይስጠው።

አሁን ደጃፍ ላይ ተኝቷል። ሆዱን ደጋግሜ እዳብሳለሁ፤ ለስልሷል።

እቤት እንደገባሁ ለለምለም ደወልኩላት። ተርፏል ስላት አለቀሰች። የማዳም ውሻ በራሷ በለምለም እቅፍ ውስጥ እንደሞተ፣ በዚያ ቤት ሲያያት የሚደሰት እሱ ብቻ እንደነበር ነገረችኝ። አራት ዓመት ሙሉ በየእሑዱ «ደህና ነኝ» ትለኛለች፤ እኔም ተመስገን ብዬ እዘጋለሁ።

«ስሙ ማን ነበር?» አልኳት።

ስለዚያ ቤት ስጠይቃት ይህ የመጀመሪያዬ ነው።