«ያልተፈቀደለት ተሽከርካሪ» ውስጥ ስለነበረችው እናቴ

ለክቡር የግል ጠፈር ኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና ሮኬትዎ ሁላችሁም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከማስወንጨፊያው አጥር ሥር የምንኖር ጎረቤቶችዎ፣ የመስኮታችን መስታወት ከመሰንጠቁና እናቴ ሐኪም ቤት መድረስ ካለመቻሏ በቀር፣ እጅግ በጣም ደኅና ነን።

እኔ ዳቦ በመኪና እያከፋፈልኩ የምተዳደር ሴት ስሆን፣ ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሰፈራችንን ከከተማው የሚያገናኘውን ብቸኛ መንገድ ሮኬት ልትተኩሱ ባሰባችሁ ቁጥር ስለምትዘጉልን ከልብ እናመሰግናለን። ሮኬቱ ሲቀር እንኳ መዝጋቱ አይቀርም። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ነፋስ ነው አላችሁ፣ ማክሰኞ ደመና፣ ረቡዕ ደግሞ አንድ ቧንቧ አፈሰሰ ተባለ፤ ለሁሉም ተራ በተራ ታገሣችሁ። እናቴ ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ደሟ በማሽን ካልታጠበ የማትኖር መሆኗን ቢሮአችሁ ድረስ ቀርቤ አስረድቼ ነበር። ጸሐፊዎ ጥያቄዬ እየታየ መሆኑን በትሕትና ገልጻልኝ፣ የኩባንያው አርማ ያለበት ቆብ ሰጥታ ሸኘችኝ። ቆቡ ልኬ ነው።

፪. ታናሽ ወንድሜን መንገዱን የምትዘጉበት ኬላ ዘበኛ አድርጋችሁ ስለቀጠራችሁት እግዜር ይስጥልን። በዚሁ ቸርነታችሁ ሰኞም ረቡዕም የገዛ እናቱን ከኬላው የመመለስ ዕድል አግኝቷል። እሷ አልተቀየመችውም፤ «እኔም ወደ ሰማይ ነኝ፣ ለእኔ ግን መንገድ መዝጋት አያስፈልግም» ብላ ቀልዳበት ተመለሰች። እሱ ግን ቤት ሲገባ እህል አልቀመሰም።

፫. ሐሙስ ጠዋት ሳንባዋ ውሃ ቋጥሮ መተንፈስ አቃታት። የዳቦ መደርደሪያዎቹን አውጥቼ መኪናው ውስጥ ፍራሽ አነጠፍኩና ይዣት ስበር፣ ወንድሜ ፊቷን አየና ማንንም ሳይጠይቅ ኬላውን አነሣው። ኩባንያዎም ሮኬቱን ለማስነሣት የጀመረውን ቆጠራ አቁሞ፣ «አንድ ያልተፈቀደለት ተሽከርካሪ» ወደ አደጋ ቀጠናው በመግባቱ ለተጉላሉት የክብር እንግዶች በመግለጫ ይቅርታ ጠየቀ። የዚያ ተሽከርካሪ ጭነት እናቴ ነበረች። ደሜ ፈላ ክቡርነትዎ፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምገልጽበት ቃል ፈልጌ አጣሁ። ወንድሜ በማግስቱ ተባረረ። እናቴ ለጊዜው ተርፋለች፤ ሐኪሙ ግን ከእንግዲህ አንድ ቀን ብታስተጓጉል ልቧ እንደማይችለው ፊት ለፊት ነግሮናል።

አሁን ደግሞ ዓይናችሁን በጨው አጥባችሁ፣ ሮኬቱ በመጪው ሰኞ እንደሚነሣና የከፈሉ መንገደኞችም ምድርን ቁልቁል እያዩ እንደሚደሰቱ በየምሰሶው ለጥፋችኋል። ደስ ይበላቸው። የምለምነው የወንድሜን ሥራ አይደለም፤ ሰኞ ጠዋት አንዲት የዳቦ መኪና እስክታልፍ ድረስ ኬላውን ክፍት አድርጉልን። ነፋሱን የጠበቃችሁትን ያህል እንኳ መጠበቅ አያስፈልጋችሁም።

ለሰው ልጅ ሌላ መኖሪያ ፍለጋ ሲደክሙ፣ እዚህ የቀረነው ሰዎች በሕይወት በመኖራችን ስለምናደርስብዎ መጉላላት ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከማይናወጥ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የታማሚዋ የበኩር ልጅ

ማስታወሻ፦ በወንድሜ ምትክ ኬላው ላይ ያቆማችሁት ሰው ታማኝና ጎበዝ ነው፤ ምርጫችሁን አደንቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት ጡት አጥብታ ያሳደገችው እናቴ ናት። የስንብት ደብዳቤውን ከወዲሁ ብታዘጋጁለት ለሰኞ ሥራ ይቀልላችኋል።