የወጌሻው ደብተርና የታናሽ ወንድማቸው ጉልበት

ቤተሰቡ ከሁሉ አስቀድሞ በታላቅ አክብሮት የሚያስታውቀው፣ ለሠላሳ ሰባት ዓመት ሲፈለግ የኖረው የክለቡ የበረዶ ባልዲ ክዳን በሟች አልጋ ሥር መገኘቱን ነው። በስርቆት የተጠረጠሩትን ሦስት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኞች ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። ክዳኑ ደብተር ከድኖ ነበር።

“ጋሼ በረዶ” እያልን የምንጠራቸው የክለቡ ወጌሻ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1944 ዓ.ም. ተወለዱ። ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለው በ1965 ዓ.ም. በሕክምና ረዳትነት ተመረቁ። በዓመቱ ክለቡን ተቀላቅለው፣ ከመልበሻ ክፍሉ ጥግ፣ ከምታንጠባጥበው ቧንቧ አጠገብ አንድ የእንጨት ማከሚያ አልጋ ዘረጉ፤ እስከ ጡረታቸውም ከዚያ አልተነቃነቁም። በ1970 ዓ.ም. የክለቡን ትኬት ቆራጭ አግብተው ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በደብተራቸው የተጎዳ ሁሉ ከነምክንያቱ ሰፍሯል። “ቁርጭምጭሚት፣ ወለምታ፤ ሜዳው ጉድጓድ ነው።” “የኋላ ጭን ጡንቻ፤ ሳያሟሙቅ ገባ፣ ወሬ ይዞ ነበር።” “ትከሻ፣ ውልቃት፤ ጎል አግብቶ ሲጨፍር።” “ግብ ጠባቂው፣ ጣት፤ በር ዘግቶበት ነው፣ ስፖርት አይደለም።” “አሰልጣኙ፣ ጉሮሮ፤ ጩኸት።” ማንንም አልማሩም።

በ1979 ዓ.ም. የዋንጫ ጨዋታ ላይ አጥቂው፣ ማለትም ታናሽ ወንድማቸው፣ ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ጋሼ በረዶ ባልዲያቸውን አንጠልጥለው ሮጡ። ጉልበቱን ሲዳስሱ ፊታቸው ተለወጠ። ወንድምየው እጃቸውን ጨምድዶ፣ “ጋሼ፣ በእናታችን! ምንም አላመመኝም፣ እንዳታስወጣኝ” አላቸው። እጃቸውን አሽከርክረው ቅያሪ መጠየቅ ሲገባቸው፣ “ይጫወታል” ለማለት አውራ ጣታቸውን ወደ አሰልጣኙ ቀና አደረጉ። ከአራት ደቂቃ በኋላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጅማቱ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ ኳስ አልመታም።

ሰፈሩ “ወንድሙን በአውራ ጣት የገደለ” አላቸው። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር፣ ምላጭ አንገታቸው ላይ አድርጎ ወቀሳቸው። ወንድምየውም አብሮ አኮረፈ፤ “አላመመኝም” ማለቱን ለአንድ ሰው ሳይተነፍስ፣ እያነከሰ በደጃቸው ሲያልፍ ኖረ። የባልዲው ክዳን የጠፋው በዚያው ሳምንት ነው፤ ጋሼ በረዶም አፋቸውን የከደኑት ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ነው።

በልብ ሕመም ለስድስት ወራት ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በተወለዱ በ72 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት መዋሸቱን የሚያምን አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸውን፣ ማንም “አላመመኝም” ብሎ ከማይዋሽበት ስፍራ ያሳርፍልን።

ከማረፋቸው አንድ ቀን በፊት ነው፤ ከስንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ ሊጠይቃቸው የገባው ወንድምየው ነጠላ ጫማቸውን ከአልጋው ሥር ሊያወጣ ጎንበስ ሲል ክዳኑን አገኘ፤ ክዳኑን ሲያነሣ ደብተሩን። የዚያን ቀን ገጽ ገለጠ። “ጉልበት፣ ጅማት መበጠስ፤ ምክንያቱ፦ እኔ” ይላል።

“ጋሼ፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለምን እኔን አልጻፍክም?” አለ።

ጋሼ በረዶ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

“ደብተሩ የኔ ነው። አልናገርም። ክዳኑን መልስ።”